ከላይ የፈሰሰ፣ ከታች የሞላ

የኩሽና ሲንክ ውሃ እየተንቀራፈፈ መውረድ ሲጀምር ሰው «ይሄ ነገር ሊደፈን ነው መሰለኝ» ይላል። ሊደፈን አይደለም፤ መደፈኑን እየጨረሰ ነው። ውሃ ሲንኩ ላይ ተኝቶ በታየበት ቀን ከሥር ያለው ቱቦ አብዛኛውን አቅሙን ካጣ ሰንብቷል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ለኩሽና የሚዘረጋው የፍሳሽ ቱቦ ብዙውን ጊዜ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ነው። በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ይዞ በወጉ ከተዘረጋ በሰከንድ ከ1 ሊትር በላይ ውሃ ያወርዳል። ከቧንቧ የሚቀዳው ውሃ ደግሞ በሰከንድ 0.2 ሊትር ቢደርስ ነው። እንግዲህ ቱቦው ሥራ የሚጀምረው ከሚፈለግበት አምስትና ስድስት እጥፍ የሚሆን አቅም ይዞ ነው። ውስጡን ዙሪያውን 5 ሚሊ ሜትር ቅባት ቢለጠፍበት የማውረድ አቅሙ ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ 10 ሚሊ ሜትር ቢለጠፍበት የሚቀረው ሩብ ነው። ሩቡም ቢሆን ለአንድ ቧንቧ ይበቃል፤ እቃ የሚያጥበው ሰው ምንም አያይም። ከዚያ በኋላ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ሲጨመርበት ግን ነገሩ ሁሉ በአንድ ሳምንት የተበላሸ ይመስላል። «ትናንት ደህና ነበር እኮ!» የሚባለው ያኔ ነው። ትናንትም ደህና አልነበረም፤ ትርፍ አቅሙ ጉዳቱን ሸፍኖት ነው።

ይህን ሒሳብ ይዤ የምሄደው ወደ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ነው። የከተማችን የፍሳሽ ችግር በሦስት ቦታ ሊታይ ይችላል፤ በድሮው ግቢ፣ በግል ቪላና በጋራ ሕንፃ። የጋራ ሕንፃውን የመረጥኩት እዚያ አንድ ነገር ስለሚጨመር ነው። በግል ቤት ያለ ሰው ቱቦውን ራሱ ይደፍናል፣ ራሱ ይቸገራል፣ ራሱ ይከፍላል። በጋራ ሕንፃ ግን ቱቦውን የሚደፍነው አንድ ቤት፣ ውሃው የሚሞላበት ሌላ ቤት ነው። የኮንዶሚኒየም ፍሳሽ ያሽቆለቆለው ነዋሪው ንፅህና ስለማያውቅ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ጥፋቱና መዘዙ በተለያየ ፎቅ ስለሚኖሩ ነው ባይ ነኝ።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት የድሮውን ግቢ ልጥቀስ፤ የሚናፈቀው እሱ ነውና። በግቢ ቤት ሲንክ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። እጅ በማስታጠቢያ ይታጠባል፣ ሳህን በሳፋ ይታጠባል፣ እጣቢው ደጅ ይደፋል። የጠላው አተላ ለበግ ወይም ለላም ይሰጣል። የተረፈ ቅባት አይደፋም፤ ቅቤ ውድ ነው፣ የበሬ ሞራም ቢሆን ሥራ አያጣም። ስለዚህ ከኩሽና የሚወጣው ነገር ገና ሲወጣ ተለይቶ ነበር፤ የሚፈሰው ወደ አፈር፣ የሚበላው ወደ በረት፣ አመዱ ወደ ጓሮ። ይህን የምታደርገው የቤት እመቤት የፍሳሽ ምህንድስና ተምራ አልነበረም፤ የደፋችው ነገር ዓይኗ ሥር ስለሚቀር እንጂ። ወፍራም ነገር ደጃፏ ላይ ከደፋች ዝንቡም ሽታውም የሷው ነው።

ያም ሆኖ ድሮ ደግ ነበር ለማለት አልደፍርም። እጣቢው ከደጃፍ አልፎ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ቀበና፣ ከቀበና ወደ አቃቂ ይወርድ ነበር፤ ዛሬም ይወርዳል። ወንዞቹ ምን እንደሚመስሉ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግቢው ያቆየው ንፅህናን ሳይሆን የአንድ ቤት ሰው በገዛ እጣቢው ላይ የነበረውን ዓይን ነው። ሲንኩ ያንን ዓይን ጋረደው። ቀዳዳው ክብ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ የገባበት ሁሉ ይጠፋል። ሲንክ የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ ጥፋት አይደለም።

ከዚያ ኮንዶሚኒየሙ መጣ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ቦሌ ገርጂ ላይ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ የተሞከረው ሥራ ብዙም ሳይቆይ የከተማው ትልቁ የቤት ፕሮግራም ሆነ። ጎተራ፣ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እያለ ከመቶ ሺህ በላይ ቤት ተሠራ። አብዛኛው ብሎክ ግራውንዱን ጨምሮ ባለ አምስት ወለል ነው፤ ሊፍት የለውም። የየቤቱ ኩሽናና መታጠቢያ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራል፤ ፍሳሻቸው ከላይ እስከ ታች በአንድ ቁም ቱቦ ይወርዳል፣ ከታች ታጥፎ ወደ ማንሆል ይገባል። አሠራሩ ርካሽም ትክክልም ነው፤ በዓለም ዙሪያ እንዲሁ ነው የሚሠራው። ያቺ ከታች ያለችው መታጠፊያ ግን ልብ ሊባልላት ይገባል። ከላይ ሲወርድ የነበረው ፍጥነት እዚያ ይሰበራል፤ ውሃው ያልፋል፣ ወፍራሙ ይቀመጣል። የግራውንዱ ቤት ሲንክና ሽንት ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያች መታጠፊያ ጥቂት ከፍ ብሎ እዚያው ቁም ቱቦ ላይ ይገናኛል። መታጠፊያዋ ስትዘጋ ከላይ ያሉት አራት ቤቶች የደፉት ውሃ መውጫ ሲያጣ የሚያገኘው የመጀመሪያ ክፍት አፍ የግራውንዱ ቤት ነው። አራተኛ ፎቅ ያለችው ሴት ሲንኳ እየፈሰሰላት፣ ግራውንድ ያለው ሰው ሻወር ቤቱ በሷ እጣቢ ይሞላል።

ሕጉ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። ከፕሮግራሙ ትንሽ ቀድሞ የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶቹ ማኅበር እንዲኖራቸው፣ የጋራ የሆነውን ክፍል ማኅበሩ እንዲያስተዳድርና እንዲጠግን፣ ወጪውንም ባለቤቶቹ እንዲያዋጡ ያዛል። ቁም ቱቦው የጋራ ነው፤ ክርክር የለውም። በተግባር ግን ማኅበሩ ወይም ኮሚቴው በየወሩ የሚሰበስበው ለጥበቃና ለደረጃ ጠራጊ ነው። ጥበቃ ሲጠፋ ሁሉም ያያል፤ ደረጃ ሲቆሽሽ ሁሉም ይረግጠዋል። ቱቦ ሲጠብ ማንም አያይም።

የቱቦው ውስጥ ምን እንደሚመስል አንድ ጀሞ ያለ ብሎክ ላይ የማየት ዕድል ገጥሞኛል። ሳኒተሪው ግድግዳውን ሰብሮ አንድ ክንድ የምታህል ቁራጭ ቆርጦ አወጣና በጋዜጣ ላይ አስቀመጣት። ቁራጯ የተነሳችው አግድም ከሚሄደው ክፍል ነበር፤ ከታች በኩል ያለው ንብብር ሙሉ በሙሉ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ግራጫ ሲሚንቶና ነጭ የሴራሚክ መሙያ ነው። ከሱ በላይ ቢጫ ቅባት፣ በቅባቱ ውስጥ የቡና አተላ እንደ ጥቁር ክር ተዘርግቶ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተጠማዘዘ ፀጉር። ልጁ ፀጉሩን በፒንሳ ሳብ አደረገው፤ ረጅም፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ የሹሩባ ዊግ ነበር። የቤቱ ባለቤት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሸፍነው ከበሩ ቆመው ያያሉ።

«እማማ፣ ይሄ የእርስዎ አይደለም፤ ከላይ የመጣ ነው» አላቸው።

«እኔማ ብቻዬን ነው የምኖረው ልጄ። ሒሳቡን ግን የምትቀበለው ከኔ ነው አይደል?»

ልጁ ሳቀ። ሌላ ምን ይበል?

ከዚያ ቁራጭ ትልቁን ድርሻ የያዘው የታችኛው ንብብር ነው፤ ማንም ግን ሲያወራበት አይሰማም። በርካታ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ለወጣለት ሰው የሚተላለፈው ሳይጠናቀቅ ነው። ሰው ቁልፍ እንደተረከበ ሴራሚክ ያስነጥፋል፣ ኩሽና ያስቀይራል፣ የአግሮስቶን ግድግዳ ያፈርሳል። ሴራሚክ ሠራተኛው ማታ ባልዲውን የሚያጥበው የት ነው? ወለል ላይ ባለው የፍሳሽ ቀዳዳ ነው። ሲሚንቶ ውሃ ውስጥ ሆኖም ይደርቃል፤ ለመድረቅ የሚያስፈልገው እንዲያውም ውሃው ነው። ስለዚህ ብዙ ቤት ገና ነዋሪው አንድ ሳህን ሳያጥብ፣ የቱቦው ወለል በሲሚንቶ ሻክሮ ነው ሥራ የሚጀምረው። ለስላሳ ሆኖ ቆሻሻን ሊያንሸራትት የታሰበው ፒቪሲ፣ ሁሉን የሚይዝ ሻካራ አልጋ ይሆናል። በኋላ የሚመጣው ቅባት መያዣ አገኘ ማለት ነው። ነዋሪውን ስለ ዳይፐርና ስለ ሞዴስ የሚገስጽ ማስታወቂያ በየደረጃው ተለጥፎ አይቻለሁ፤ ሴራሚክ ሠራተኛውን የሚመለከት አንድም አላየሁም። የአንድ ወር ሥራ የሃያ ዓመት መስመር ሲያበላሽ ግን የበለጠ ልንፈራው የሚገባን ያንን ወር ነበር።

ቅባቱን በተመለከተ ኩሽናችን ራሱን የቻለ ጠባይ አለው። ቅቤ ከ35 ዲግሪ በታች ይረጋል፤ የበሬ ስብ ከዚያም ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ መርጋት ይጀምራል። የአዲስ አበባ ግድግዳ ውስጥ ያለ ቱቦ ይህን ያህል ሙቀት በምንም ወቅት አያገኝም። የዶሮ ወጥ ድስት በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ቅባቱ ቀልጦ ይሄዳል፤ ሁለት ሜትር ሄዶ ይረጋል። በላዩ የሊጥ እጣቢ ይደርሳል። ጤፍ ሲደፋ ውሃ ይመስላል፤ ሲቀመጥ ግን ከሥር ጭቃ ሆኖ ይይዛል፣ የቡናውንም አተላ ከቅባቱ ጋር ያጣብቀዋል። ይህ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ለንደን ዋይትቻፕል ሥር የተገኘው የቅባትና የዋይፕስ ክምር 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ነበረው፤ ቁራሹ ሙዚየም ገብቶ ለሕዝብ ታይቷል። ስለዚህ «ከገጠር የመጣ ሰው በፎቅ መኖር አያውቅም» የሚለው፣ በየስብሰባው የሚሰማው ሐሜት አያስኬድም። የለንደን ሰው በፎቅና በፍሳሽ ቱቦ መኖር ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቅባቱን ግን እስከ ዛሬ ይደፋል።

የኛን ነገር የተለየ የሚያደርገው ሌላው ጉዳይ የውሃ ፈረቃ ነው። የፍሳሽ መስመር የሚጸዳው በራሱ ውሃ ነው፤ በቂ ውሃ በበቂ ፍጥነት ሲያልፍ ወፍራሙን ይዞት ይሄዳል። በሳምንት አንድና ሁለት ቀን ብቻ ውሃ በሚመጣበት ብሎክ ግን ሽንት ቤት በጆግ ይለቀቃል፣ ሳህን በአንድ ሳፋ ውሃ ሦስት ጊዜ ይታጠባል። የሚወርደው እጣቢ ወፍራምና ጥቂት ነው፤ ቆሻሻውን የሚገፋ ጉልበት የለውም። ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎት ያልፋል። ከዚያ ውሃው ይመጣል፤ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት ልብስ ያጥባል፣ ሮቶ ይሞላል፣ ቤት ይወለውላል፤ አራት ፎቅ በአንድ ጊዜ ይለቅቃል። ግራውንድ የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ያን ሌሊት ነው። ከላይ ያነሳሁት የትርፍ አቅም ሒሳብም እዚህ ይመለሳል፤ ቧንቧው ውሃ በቀጭኑ በሚያንጠባጥብባቸው ቀናት ቱቦው የቱንም ያህል ቢጠብ ለሱ ይበቃዋል። ደካማ ውሃ የቱቦውን ድካም ይደብቅለታል። በፈረቃው ምክንያት ሲፎን ውስጥ ያለው ውሃ ሲደርቅ ሽታ ይመጣል፤ ሲፎን የተጠማዘዘው ውሃ ይዞ የፍሳሹን ጋዝ እንዲያግድ ነው፤ ይህን የፈጠረው በ1775 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ሰዓት ሠሪ ነበር። ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ በሚቆይ ቤት ሽታ ሲመጣ መጀመሪያ መደረግ ያለበት በየቀዳዳው አንድ ጆግ ውሃ መጨመር ነው፤ ሰው ግን በረኪና ፍለጋ ይሮጣል።

ወደ መፍትሔዎቹ ስንመጣ፣ በየቤቱ የሚሠራባቸው ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፦ ችግሩን ከፍ ካለ ቤት ወደ ዝቅ ያለ ቤት ያሻግራሉ። ሙቅ ውሃ ቅባቱን ያቀልጥና ከሲንኩ ሥር ወደ ቁም ቱቦው ይወስደዋል። ኮስቲክ ሶዳ የበለጠ ይሠራል፤ ቅባትን ወደ ሳሙና ይለውጣል፣ የሰው ፀጉርም ያሟሟል። ሰው ሠራሽ ፀጉርና ሲሚንቶ ላይ ግን አቅም የለውም። ውሃ ሲነካው በጣም ይግላል፤ ፒቪሲ ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ለረጅም ጊዜ እንዲሸከም የተሠራ አይደለም። ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ የሚቀጣጠል ጋዝ ይለቃልና በድስት በጥብጦ ማፍሰስ አደጋ ነው። ከሁሉ የከፋው ሳይከፍት የቀረ እንደሆነ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ተኝቶ ይቀርና ቀጥሎ የሚመጣውን ሳኒተሪ እጅና ዓይን ሊያቃጥል ይጠብቃል። አሲድ የሚጨምሩም አሉ፤ ሲሚንቶውን ይበላል፣ ከሲሚንቶው ጋር ግን የማንሆሉን ኮንክሪትም የብረት መያዣውንም ይበላል፤ በረኪና ላይ ከተጨመረ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ የሚባለው በየስልኩ የሚዘዋወረው ዘዴ ጉዳት የለውም፤ ጥቅሙም አረፋውን ማየት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ የሚቀረው ጨው ያለበት ውሃ ነው።

የሚሠራው ነገር ያለ መድኃኒት የሚሠራው ነው። ከሲንኩ ሥር ባልዲ አስቀምጦ ሲፎኑን በእጅ መፍታትና ማጠብ፤ ብዙ የቤት ድፍን እዚያ ይገኛል፣ መፍቻም አይፈልግም። ባለ ጎማውን መግፊያ መጠቀም፣ ግን መጀመሪያ የሲንኩን የላይኛ ማስተንፈሻ ቀዳዳ በጨርቅ መወተፍ፤ ካልተወተፈ የተገፋው አየር በዚያ ይወጣል። ከዚያ ባለፈ ወደ ማንሆል መሄድ። ክዳኑ ተነስቶ ባዶ ከሆነ ድፍኑ ከሕንፃው ወገን ነው፤ ሞልቶ ከተገኘ ከማንሆሉ ወደ ታች ነው፣ ሳኒተሪው የማንንም ግድግዳ መስበር አያስፈልገውም። ሁለት ደቂቃ የሚፈጀው ይህ ምርመራ ስንት ሴራሚክ ከመሰበር ባዳነ። ክዳን የሚያነሳ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ ከላይ ይይ እንጂ ወደ ውስጥ አይውረድ፤ እዚያ የሚጠራቀመው ጋዝ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ቀድሞ ይገድላል፤ ሽታ ጠፋ ብሎ የወረደ ሰው አይመለስም።

ታዲያ ሳኒተሪው ለምን እንዲህ አይሠራም? አይጠየቅማ። የሚጠራው ሲሞላ ነው፤ የሚጠራው የግራውንዱ ሰው ነው፤ የሚፈለግበትም ውሃው ዛሬ እንዲወርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ፌሮውን ወይም ወፍራሙን ሽቦ ያስገባል፣ ቅባቱን ይወጋዋል፣ የአውራ ጣት ያህል ቀዳዳ ይከፍታል፤ ውሃው ጉርር ብሎ ይወርዳል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። ቀዳዳው ጥቂት ወራት ይቆያል። የቱቦውን ግድግዳ የሚፋቅ ወይም በግፊት ውሃ የሚያጥብ ሥራ ጊዜውም ዋጋውም ብዙ እጥፍ ነው፤ ያንን ደግሞ አንድ ቤት ብቻውን ለአምስት ቤት አይከፍልም። እኔ ባለሙያዎቹን አልወቅስም። በእጃቸው ያለው ችሎታ አልጠፋም፤ ቱቦውን በደንብ የሚያውቁ፣ ድምፁን ሰምተው ድፍኑ የት ጋ እንዳለ የሚገምቱ ሰዎች አሉ። የጠፋው ያንን ችሎታ የሚገዛ ደንበኛ ነው። በዚያ ላይ በቁም ቱቦው እግር ላይ ተከፍቶ እንዲጸዳበት የተተወው ባለ ክዳን አፍ በብዙ ብሎክ የለም፤ ወይ ሴራሚክ ተለብሶበታል፣ ወይ ሱቅ ተሠርቶበታል። አንዲት ክዳን ለውበት ተብላ ስለተሸፈነች ግድግዳ በመዶሻ ይፈርሳል።

ከግቢው ውጭ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። የማንሆል የብረት ክዳን ለቁራሌ ሲሰረቅ ማንሆሉ ክፍቱን ያድራል፤ ክረምት ሲገባ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ፕላስቲክ ይዞ የጎርፍ ውሃ ይገባበታል። የጣሪያቸውን ውሃ ከፍሳሹ ጋር ያገናኙ ሕንፃዎችም አሉ። ከተማው በቃሊቲ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚያጣራ ጣቢያ ሠርቷል፤ ከቀድሞው 7,600 ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ቃሊቲ ሊያጣራ የሚችለው የሚደርሰውን ነው፤ ከሲንክ እስከ መጀመሪያው ማንሆል ያለው ርቀት፣ ጥቂት ሜትር ቢሆንም፣ በማንም በጀት ውስጥ አልተጻፈም። በአንድ በኩል መንግሥት «ከግቢ ውጭ ነው የኔ» ይላል፣ በሌላ በኩል ነዋሪው «ከበሬ ውስጥ ነው የኔ» ይላል፤ ቁም ቱቦው በሁለቱ መካከል ይቆማል።

ማዋጣትና መደራጀት አናውቅም እንዳንል እድር አለ። በዚያው ብሎክ፣ በዚያው ደረጃ የሚገናኙ ሰዎች ድንኳንና ወንበር ገዝተው፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጠው፣ ቀብር የቀረ ሰው ላይ ቅጣት ጥለው ለዓመታት ሳያጓድሉ ይኖራሉ። የእድር መዋጮ ያሳለፈ ሰው ያፍራል። የፍሳሽ መዋጮ የተጠየቀ የአራተኛ ፎቅ ሰው ግን «እኔ ጋ ይፈሳል» ብሎ በሩን ቢዘጋ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየውም። ልዩነቱ የባህል መላላት አይመስለኝም። ሞት ሁሉንም ቤት ያንኳኳል፤ አራተኛ ፎቅ ያለውም ነገ በሱ እንደሚደርስ ያውቃል፤ ስለዚህ ዛሬ ይከፍላል። የሞላ ሽንት ቤት ግን አራተኛ ፎቅን አያንኳኳም። እድሩን ያቆመው የጋራ ዕጣ ነው፤ ቁም ቱቦው ላይ ዕጣው የጋራ አይደለም። ደግነትን ብቻ ተማምኖ መዋጮ የሚለምን ኮሚቴ ስለዚህ ነው የማይሳካለት። የተሳካላቸው ብሎኮች ምን እንዳደረጉ ሳይ፣ የፍሳሹን ገንዘብ ከጥበቃው መዋጮ ጋር በአንድ ደረሰኝ አጣምረውታል፤ ለብቻው ሲጠየቅ «አልከፍልም» የሚለው ሰው ለጥበቃ አልከፍልም ማለት ይከብደዋል። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ ማንሆሎቹን አስከፍተው ያስጠርጋሉ። የተከራይ ነገር ግን እነሱንም ያስቸግራቸዋል፤ አከራዩ ውጭ አገር ነው፣ ተከራዩ በዓመቱ ይለቃል፤ ሁለቱም የሃያ ዓመት ቱቦ አይመለከታቸውም።

በዚህ መሃል አንድ ጥሩ የምህንድስና መላ አለ፤ አዲስ በሚሠሩ ሕንፃዎች ላይ ጠንቃቃ መሐንዲሶች የሚያዙት ነው። የግራውንዱን ቤት ፍሳሽ ከቁም ቱቦው ጋር ሳያገናኙ፣ ለብቻው በራሱ መስመር በቀጥታ ወደ ማንሆሉ ማውጣት። እንደ ሰንጋ ተራና ክራውን ባሉ ረጃጅም የ40/60 ሕንፃዎች ይህ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ መሆን ያለበት ነገር ነው፤ ከዚያ ከፍታ የሚወርድ ውሃ ከፊቱ አየር እየገፋ ስለሚመጣ፣ ቱቦው ሳይደፈን እንኳ የታችኛውን ቤት ሲፎን ሊያስተፋው ይችላል። በባለ አምስት ወለሉ ብሎክም ቢሆን ሥራው የጥቂት ሜትር ቱቦና የአንድ ሁለት ቀን ቁፋሮ ነው፤ ጀሞ ያሉትን እናት የመሰሉ ሰዎች በየዓመቱ ለሽቦ ከሚከፍሉት ጋር ሲተያይ ውድ አይባልም። አንዳንድ የግራውንድ ባለቤቶች ኮሚቴውን መጠበቅ ሰልችቷቸው በራሳቸው ገንዘብ ሠርተውታል፤ ልክ ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ ይከተላል። የግራውንዱ ቤት ከመስመሩ ሲወጣ መታጠፊያዋ መዝጋቷን አታቆምም። ከላይ የሚደፋው ቅባትና ሊጥ እንደ ወትሮው ይወርዳል፣ እንደ ወትሮው ይረጋል፤ ከእንግዲህ ግን ውሃው ወደ ላይ ሲመለስ የሚያገኘው የመጀመሪያ አፍ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው ይሆናል። እስከዚያ ለመድረስ ቁም ቱቦው አንድ ፎቅ ሙሉ መሙላት ስላለበት ትንሽ ዘግየት ይላል፤ በመጣ ቀን ግን የተጠራቀመው ውሃ ብዙ ነው። የአንደኛ ፎቁ ሰው እስካሁን ስብሰባ ሲጠራ «እኛ ጋ ችግር የለም» ሲል የኖረ ነው፤ የኮሚቴውን ሊቀመንበር ስልክ ሊፈልግ ይችላል።